የፊርማ ምስልን ማጽዳት፦ ጠርዙን ሳይቆርጡ ወረቀቱን ማንሳት

ጥያቄው፦ «ፊርማዬን በመስመር ደብተር ወረቀት ላይ ፈርሜ በስልክ አነሳሁት። ደብዳቤ ላይ ሳስገባው በዙሪያው ግራጫ ሳጥን ይታያል። በጊምፕ የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ጀርባውን መርጬ ሳጠፋው ደግሞ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል፤ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይቆራረጣሉ። የደብተሩ ሰማያዊ መስመርም አልጠፋ ብሎኛል። ሲታተም ደብዛዛ ነው። ጥርት ብሎ እንዲወጣ ምን ላድርግ? ካስተካከልኩት በኋላስ ፋይሉን ለሥራ ባልደረቦቼ ብልክላቸው ችግር አለው?»

ይሄ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎት። ፊርማዎን ያበላሸው ስልኩ ወይም ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ይበልጥ ያበላሸው ጀርባውን መርጦ መሰረዝ ነው።

ምክንያቱን ጠጋ ብለን እንየው። ምስሉን በጊምፕ ከፍተው 800 በመቶ ያጉሉት። ከዚያ አንዱን የቀለም መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ያቋርጡት። የፒክሰሎቹ (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ብርሃን ከሞላ ጎደል እንዲህ ይሆናል፦ 250፣ 246፣ 180፣ 70፣ 25፣ 22፣ 60፣ 170፣ 245። 0 ድፍን ጥቁር ነው፤ 255 ድፍን ነጭ። 250 እና 246 ወረቀት ናቸው። 25 እና 22 ቀለም ናቸው። 180፣ 70፣ 60 እና 170ስ? እነሱ ወረቀትም ቀለምም ናቸው። ፒክሰሉ በከፊል ቀለሙ ላይ፣ በከፊል ወረቀቱ ላይ ስላረፈ የሁለቱን ድብልቅ ይዟል። ዓይናችን መስመሩን ለስላሳ አድርጎ የሚያየው በእነዚህ ግራጫዎች ምክንያት ነው።

መምረጫ መሣሪያው ይህን አያውቅም። እያንዳንዱን ፒክሰል ወይ ያስወጣዋል ወይ ያስቀረዋል። 180 ከወጣ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ ጥርስ ያሉት እሱን ነው። ከቀረ ደግሞ የወረቀቱን ነጭ ይዞ ይቀራል፤ ባለቀለም ነገር ላይ ሲያርፍ ዙሪያውን ነጭ ክር ይታያል። የፊርማዎ ቀጭን ጅራት ደግሞ ጭራሹኑ ድፍን ቀለም የለውም። ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው። ስለዚህ መሣሪያው እሱን ሙሉ በሙሉ ይበላዋል።

መፍትሔው ግራጫውን መቁረጥ ሳይሆን ወደ ትራንስፓረንሲ (ጀርባውን ወደሚያሳልፍ ግልጽነት) መቀየር ነው። 180 የነበረው ፒክሰል 29 በመቶ ያህል የቀለም ሽፋን ይኑረው። 70 የነበረው 73 በመቶ። ነጩ ምንም። ያኔ ፊርማው የትኛውም ጀርባ ላይ ቢያርፍ ጠርዙ ከጀርባው ጋር ይዋሃዳል። ከዚህ በታች የምነግርዎት ሥራ በሙሉ ምስሉን ለዚህ አንድ እርምጃ ማዘጋጀት ነው።

እንደገና መፈረም ከቻሉ ግን ከማስተካከል መፈረም ይቀላል። ነጭና መስመር የሌለው ወረቀት ይውሰዱ። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጄል እስክሪብቶ ይመረጣል፤ 0.7 ሚሊሜትር የሚጽፍ ጥሩ ነው። ተራ እስክሪብቶ ቀለሙን እየዘለለ ስለሚጽፍ ሲጎላ ያስታውቃል። ደጋግመው ይፈርሙና የወደዱትን ይምረጡ። በጥንቃቄ ሳይሆን እንደ ወትሮው ፈጠን ብለው ይፈርሙ፤ ዝግ ብሎ የሚፈርም እጅ ይንቀጠቀጣል። ስካነር ካለ 600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ) ያድርጉት። በዚህ መጠን የ0.7 ሚሊሜትር መስመር 17 ፒክሰል ገደማ ውፍረት ያገኛል፤ ከበቂ በላይ ነው። በስልክ ከሆነ ፍላሹን አጥፍተው፣ መስኮት አጠገብ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርገው ያንሱ። በጣም ከመጠጋት ትንሽ ራቅ ብሎ ዙም ማድረግ ይሻላል። ሲጠጉ የፊርማው ዳርና ዳር ይጣመማል፤ የስልኩም ጥላ ያርፍበታል። የሰነድ ስካን አፕ የሚጠቀሙ ከሆነ «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን ሞድ ይተዉት። ያ ሞድ ግራጫዎቹን ገና ከመነሻው ይጨርሳቸዋል።

ፎቶውን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውሩም ይጠንቀቁ። የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት የሆነው ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ሳጥኖች ከፍሎ ነው የሚጨምቀው። ጥቁርና ነጭ በሚገናኙበት ጠርዝ ሁሉ ብናኝ የመሰለ ግራጫ ነጠብጣብ ይተዋል። አንድ ጊዜ ሲሆን ብዙም አይጎዳም። በመልእክት አፕ እንደ ፎቶ ሲልኩት ግን በአብዛኛው እንደገና ይጨመቃል። በኬብል ያዛውሩት፤ ወይም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት።

አሁን በእጅዎ ያለውን ፎቶ መጠቀም ግድ ከሆነስ? እስክሪብቶው ጥቁር ከነበረ ዕድለኛ ነዎት። ባለቀለም ፎቶ የሦስት ግራጫ ምስሎች ድርብ ነው፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቻናል። የደብተሩ ሰማያዊ መስመር ሰማያዊ ብርሃንን በደንብ ይመልሳል። ስለዚህ በሰማያዊው ቻናል ውስጥ ከወረቀቱ ጋር ይመሳሰላል። ጥቁሩ ቀለም ግን በሦስቱም ቻናል ጥቁር ነው። በጊምፕ 2.10 ከለርስ፣ ከዚያ ኮምፖነንትስ፣ ከዚያ ሞኖ ሚክሰር የሚለውን ይክፈቱ። ሰማያዊውን 1፣ ሌሎቹን ሁለቱን 0 ያድርጓቸው። የደብተሩ መስመር ዓይንዎ እያየ ይጠፋል ወይም በጣም ይደበዝዛል። የቀረው ጭላንጭል በኋላ በሌቭልስ (የጥቁርና የነጩን መጠን በሚያስተካክለው መሣሪያ) ይወጣል። በነገራችን ላይ ቀይ ማኅተም ላይ ያረፈ ጥቁር ፊርማም በዚሁ መንገድ ይለያል። እዚያ የሚያዋጣው ቀዩ ቻናል ነው።

ነጭ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ለፈረመ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ሰማያዊ ቀለም ጠቁሮ የሚታየው በቀዩ ቻናል ውስጥ ስለሆነ ቀዩን 1 ያደርጋል። በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰማያዊ መስመር ላይ ለፈረመ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። መስመሩን በነጭ ብሩሽ እየነኩ ማጥፋት ይቻላል፤ ፊርማውና መስመሩ በሚቋረጡበት ቦታ ሁሉ ግን ጠባሳ ይቀራል። የእርስዎ ጉዳይ ይሄ ከሆነ ጊዜዎን አያባክኑ። እንደገና ይፈርሙ።

አሁን ወደ ግራጫው ሳጥን እንምጣ። ወረቀቱን ዓይናችን ነጭ ይለዋል እንጂ ካሜራው እንደዚያ አልመዘገበውም። በአንድ በኩል 225፣ ጥላ ባለበት በኩል 180 ሊሆን ይችላል። ብራይትነስ ጨምረው ሊያነጡት ከሞከሩ የጥላው ጎን ነጭ እስኪሆን ድረስ፣ ብርሃን ባለበት ጎን ያሉት ቀጫጭን መስመሮች አብረው ይነጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ብርሃኑን እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ አንድ በጣም የምወደው ዘዴ አለ።

ሌየሩን (የምስሉን ንብርብር) ዱፕሊኬት ያድርጉ፤ ቅጂው ከላይ ይቀመጣል። በላይኛው ላይ ፊልተርስ፣ ብለር፣ ሚዲያን ብለር ይስጡት። ሬዲየሱ ከመስመሩ ውፍረት ብዙ እጥፍ ይሁን፤ መስመሩ 17 ፒክሰል ከሆነ 60 ብለው ይጀምሩ። ሚዲያን በየአካባቢው ካሉት ፒክሰሎች መካከለኛውን ዋጋ ነው የሚወስደው። ቀለሙ በየአካባቢው ጥቂቱን ቦታ ብቻ ስለሚይዝ ፊርማው ይጠፋና የወረቀቱ ጥላ ብቻ ይቀራል። ፊርማዎ የተጠላለፈበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ጉም ከቀረ ሬዲየሱን ይጨምሩ። ከዚያ ጋውሲያን ብለር ጨምረው ያለሰልሱት። አሁን የላይኛውን ሌየር ሞድ ዲቫይድ ያድርጉት። ከሥር ያለው ምስል በላይኛው ይካፈላል። 180 የነበረው ወረቀት ለ180 ሲካፈል 1 ይመጣል፤ 1 ማለት ድፍን ነጭ ነው። 225 ለ225 ሲካፈልም እንዲሁ። ጥላው በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ፊርማው ግን በቦታው ይቀራል። ሁለቱን ሌየሮች በመርጅ ዳውን ያዋህዱ። ፎቶሾፕም ዲቫይድ የሚባለው ሞድ አለው፤ አሠራሩ አንድ ነው።

ቀጥሎ ሌቭልስ። ምስሉ አሁንም ባለቀለም ከሆነ መጀመሪያ በዲሳቹሬት ግራጫ ያድርጉት፤ የምስሉን ሞድ ግን አርጂቢ (ሦስቱ የቀለም ቻናሎች ያሉት ሞድ) ላይ ይተዉት። ሌቭልስን ሲከፍቱ ሂስቶግራሙ (የፒክሰሎቹን ብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ላይ ሁለት ጉብታ ያያሉ። በቀኝ ያለው ትልቁ ወረቀቱ ነው። በግራ ያለው ትንሹ ቀለሙ ነው። ነጩን ቀስት ወደ ትልቁ ጉብታ ግራ እግር ያምጡት። ጥቁሩን ቀስት ወደ ትንሹ ጉብታ መሃል ያስጠጉት። በሁለቱ መካከል ያለው ቆላ ጠርዙ ነው፤ እሱን አያጥፉት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስግብግብ ይሆንና ሁለቱን ቀስቶች ያገናኛቸዋል። ያ ትሬሽሆልድ ከማድረግ፣ ማለትም ሁሉንም ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ከማድረግ፣ አይለይም፤ ጥርሱ ተመልሶ ይመጣል። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ደክመው ከታዩ መሃለኛውን ቀስት ትንሽ ወደ ቀኝ ይግፉት። ቁጥሩ ከ1 ወደ 0.8 ገደማ ሲወርድ ጅራቶቹ ነፍስ ይዘራሉ።

የቀሩ ነጠብጣቦችን በነጭ ብሩሽ አንድ በአንድ ይንኳቸው። ዲስፔክል የሚባለውን ፊልተር አልመክርም። ብናኝን ከቀጭን ጅራት ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ይጠርጋል። ፊርማዎ ውስጥ ነጥብ ካለም በስህተት እንዳያጠፉት ይጠንቀቁ።

አሁን ዋናው እርምጃ ላይ ደረስን። ከለርስ፣ ከዚያ ከለር ቱ አልፋ፤ ቀለምን ወደ ትራንስፓረንሲ የሚቀይረው ትእዛዝ ነው። የሚነሳው ቀለም ነጭ ይሁን። ያው ነው፣ አለቀ። ነጩ በሙሉ ይነሳል፤ ግራጫው እንደ ጥቁረቱ መጠን ያሳልፋል፤ ጥቁሩ ይቆማል። በፎቶሾፕ ከሆነ ሶሊድ ከለር ሌየር ከፍተው ማስክ (የሌየሩ የትኛው ክፍል እንደሚታይ የሚወስን ሽፋን) ይጨምሩለት። ከዚያ ግራጫውን ምስል ኢንቨርት አድርገው (ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር) ማስኩ ውስጥ ይለጥፉት። ውጤቱ አንድ ነው።

ደስ ብሎዎት ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ፈተና ይስጡት። ከሥሩ አዲስ ሌየር ይክፈቱና ደማቅ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሙሉት። ነጭ ወረቀት ላይ የማይታይ ጉድለት እዚህ ላይ ይጋለጣል። በፊርማው ዙሪያ ገርጣ ያለ ሳጥን ካዩ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ አልሆነም ማለት ነው። ወደ ሌቭልስ ተመልሰው ነጩን ቀስት ትንሽ ወደ ግራ ያምጡት። ጊምፕ 2.10 ላይ በከለር ቱ አልፋ መስኮት ውስጥ ያለውን ትራንስፓረንሲ ትሬሽሆልድ ትንሽ ከፍ ማድረግም ይህንኑ ይሠራል።

ፊርማው አንዴ ትራንስፓረንት ከሆነ ቀለሙን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። የሌየሩን አልፋ (ትራንስፓረንሲውን) ይቆልፉና የፈለጉትን ቀለም ይሙሉበት። ጠርዙ አይነካም። እኔ ጠቆር ያለ ሰማያዊ እመርጣለሁ፤ ቀይ 20፣ አረንጓዴ 40፣ ሰማያዊ 110 አካባቢ። ከጥቁሩ ጽሑፍ ስለሚለይ ፊርማው ጎልቶ ይታያል። ደብዳቤው በጥቁርና ነጭ ማተሚያ የሚወጣ ከሆነ ግን ጥቁር ይሻላል። ማተሚያው ሰማያዊውን ወደ ግራጫ ነጠብጣብ ስለሚቀይረው ቀጭን መስመር ይሰባበራል።

«ሲታተም ደብዛዛ ነው» ላሉት ዋናው ምክንያት መጠን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ፊርማው ወረቀት ላይ 5 ሴንቲሜትር ስፋት እንዲኖረው ከፈለጉ በ300 ዲፒአይ 590 ፒክሰል ያስፈልገዋል፤ በ600 ደግሞ 1181። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ፋይሉ ትንሽ ነው። ምስሉ 200 ፒክሰል ብቻ ሆኖ ደብዳቤው ላይ የሚለጠጥ ከሆነ ምንም ፊልተር አያድነውም። የሚቀንሱት ከሆነም ከትልቁ ኦሪጅናል አንድ ጊዜ ብቻ ይቀንሱ። ቀንሶ እንደገና መቀነስ በእያንዳንዱ ዙር ጠርዙን ያደክመዋል። መስመሩም አብሮ እንደሚቀጥን ያስታውሱ። 8 ሴንቲሜትር አድርገው የፈረሙት ወደ 5 ሲወርድ የ0.7 ሚሊሜትር መስመር 0.44 ይሆናል። ቀጭን መስሎ ከታየዎት ወፍራም እስክሪብቶ እንጂ ፊልተር አይፈልጉ።

ዎርድም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሰነዱን ሲያስቀምጡ ምስሎችን ሳይነግርዎት ይጨምቃል። 220 ፒፒአይ (በኢንች 220 ፒክሰል) ላይ ከሆነ ባለ5 ሴንቲሜትሩ ፊርማ 433 ፒክሰል ብቻ ይቀረዋል። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ገብተው የምስል ጥራት በሚለው ክፍል ምስል እንዳይጨምቅ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ፊርማውን ካስገቡ በኋላም አቀማመጡን «ከጽሑፉ ፊት ለፊት» ያድርጉት። ያኔ መስመሮቹን ሳይገፋ በስምዎ ላይ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል።

የሚያስቀምጡት በፒኤንጂ ይሁን። ጄፔግ ትራንስፓረንሲ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ነጩን ሳጥን ይመልስልዎታል። ሊታረም የሚችለውን ባለሌየር ፋይል ለብቻው ያኑሩት።

ፎቶው በጣም ሻካራ ከሆነና ጠርዙ አሁንም ካልተደሰቱበት አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ። ከለር ቱ አልፋ ከማድረግዎ በፊት ምስሉን 400 በመቶ ያሳድጉት። 2 ወይም 3 ፒክሰል ጋውሲያን ብለር ይስጡት። ከዚያ በሌቭልስ ጥቁሩን 100፣ ነጩን 155 ላይ ያድርጉት። ብለሩ ጥርሱን ያሟሟዋል፤ ሌቭልሱ መልሶ ያጠራዋል። ምስሉን ስላሳደጉት በ100 እና በ155 መካከል በቂ ግራጫ ይተርፋል። ብለሩን አያብዙት፤ ሹል የነበሩ ጫፎች እየደነዘዙ ይሄዳሉ።

ፊርማው ትልቅ ሆኖ የሚታተም ከሆነ፣ ለምሳሌ ለምስክር ወረቀት፣ ወደ ቬክተር (ቢያሳድጉት ጠርዙ የማይበላሽ የመስመር ሥዕል) መቀየር ይቻላል። ንጹሑን ምስል ነጭ ጀርባ ላይ እንዳለ ኢንክስኬፕ ወደሚባለው የቬክተር ፕሮግራም ያስገቡና ፓዝ፣ ትሬስ ቢትማፕ ይበሉ። ብራይትነስ ካትኦፍ 0.45 ላይ ይጀምሩ። ቀጫጭኖቹ ከተቆራረጡ ከፍ ያድርጉት፤ መስመሩ ከወፈረ ዝቅ። ውጤቱ ከዋናው ምስል በላይ ስለሚያርፍ ዋናውን ከሥር መሰረዝ አይርሱ። ሲምፕሊፋይ የሚለውን ትእዛዝ ደግሞ በጥንቃቄ። ደጋግመው ከተጫኑት የፊርማው ወፍራምና ቀጭን መፈራረቅ ይጠፋል። የእጅዎ ግፊት ያለው እዚያ ላይ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ፊርማው የኮምፒውተር ፎንት ይመስላል። ሴንተርላይን ትሬስም በተመሳሳይ ምክንያት ለፊርማ አይሆንም፤ ሁሉንም መስመር አንድ ውፍረት ያደርገዋል። ኤስቪጂውን (የቬክተር ፋይሉን) ዎርድ 2019 እና ከዚያ በኋላ የመጡት በቀጥታ ይቀበሉታል።

ስለ መላኩ የጠየቁትን ልመልስ። የተጣራውን ፒኤንጂ ለማንም አይላኩ። ለሚያምኑት ባልደረባም ቢሆን። ግራጫ ሳጥን ያለበት ፊርማ ሌላ ሰነድ ላይ ቢለጠፍ ያስታውቃል። እርስዎ አሁን የሚሠሩት ግን የትም ላይ ቢያርፍ የተፈረመ የሚመስል ነው። ጥራቱ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል። ለሰው የሚደርሰው የተጠናቀቀው ደብዳቤ በፒዲኤፍ ይሁን። ፒዲኤፍ ማድረጉ ብቻውን ግን ምስሉን አይደብቀውም፤ በተገቢው ፕሮግራም ከውስጡ እንዳለ ይወጣል፣ ትራንስፓረንሲውም ሳይቀር። ገጹን በሙሉ ወደ አንድ ምስል ቀይሮ መላክ ነገሩን ያከብደዋል። ያኔ ግን ጽሑፉ አይፈለግም፣ አይቀዳም። ዋናውን ፋይል በይለፍ ቃል በተቆለፈ ቦታ ያኑሩት። መነሻው ፎቶ የተነሳበትን ቦታ መረጃ ይዞ ሊሆን ስለሚችልም፣ ከጊምፕ ሲያወጡት ኤግዚፍ ዳታ የሚለውን ምልክት ያንሱ።

ገንዘብ ወይም ውል ባለበት ሰነድ ላይ ደግሞ ምስሉ ብቻውን አይበቃም። እዚያ የሚያስፈልገው በሰርተፍኬት የሚሠራው ዲጂታል ፊርማ ነው። ፕሮግራሙ ከሰነዱ ይዘት ሃሽ (እንደ አሻራ የሚያገለግል አጭር ቁጥር) ያወጣል፤ እሱንም እርስዎ ብቻ በያዙት የግል ቁልፍ ይፈርመዋል። ተቀባዩ በይፋዊው ቁልፍ ያረጋግጣል። አንድ ፊደል ቢቀየር ሃሹ አይገጥምም። ያጸዱት የፊርማ ምስልም እዚህ ቦታ አለው። አክሮባትን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ዲጂታል ፊርማው በገጹ ላይ እንዴት እንደሚታይ ሲጠይቁዎት ፒኤንጂውን መምረጥ ይችላሉ። ምስሉን ማስገባት ያለብዎት ግን በዚያው በመፈረሚያው መስኮት ወይም ከዚያ በፊት ነው። ከተፈረመ በኋላ ገጹ ላይ ቢለጥፉት ተቀባዩ ሰነዱ ተቀይሯል የሚል ማስጠንቀቂያ ያያል።